አሕመድ ኢብኑ ማጂድ፦ የባሕሩ ሙዓሊም

ስለ ሙስሊም ተጓዦች ሲወራ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስታውሰው ኢብኑ በጡጣን ነው። ኢብኑ በጡጣ ግን ባሕር ላይ ተሳፋሪ ነበሩ። ነፋሱን የሚጠባበቁ፣ ኮከቡን የሚለኩ፣ የጀልባዋን ስፌት በእጃቸው እየዳሰሱ ውሃ እንዳይገባ የሚጠብቁ ሰዎች ሌሎች ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ስም በአብዛኛው ሳይጻፍ ቀርቷል። ከመካከላቸው ስማቸው ጎልቶ የቆየው፣ ያወቁትንም በኪታብ አስፍረው ያለፉት አሕመድ ኢብኑ ማጂድ ናቸው።

በዛሬው ጽሑፋችን የእኚህን ሰው ሕይወት እንመለከታለን። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከአንድ ክስ ጋር ተያይዞ ነው፤ ፖርቱጋላዊውን ቫስኮ ዳ ጋማን መርተው ሕንድ አደረሱት ይባላል። ክሱን በቦታው እናየዋለን። ከዚያ በፊት ግን ሰውየው በባሕር ላይ እንዴት ይውሉና ያድሩ እንደነበር፣ መርከባቸውን እንዴት ይጠብቁ እንደነበር ማወቁ ይቀድማል። ሰውን የምንመዝነው በአንድ ወሬ ሳይሆን ዕድሜውን ባሳለፈበት ሥራ ነውና።

ትውልድና ዕድገት

ሺሃቡዲን አሕመድ ኢብኑ ማጂድ የተወለዱት በጁልፋር ነው። ጁልፋር ዛሬ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች በምትገኘው ራስ አል ኸይማ አካባቢ የነበረች፣ በሉልና በንግድ የታወቀች የወደብ ከተማ ናት። የትውልድ ዘመናቸው እ.ኤ.አ. በ1430ዎቹ እንደሆነ ይገመታል። የዘር ሐረጋቸው ወደ ነጅድ ይመዘዛል። አባታቸውም አያታቸውም በቀይ ባሕር ላይ የታወቁ የመርከብ መሪዎች ነበሩ። አባታቸው የቀይ ባሕርን መንገድ፣ ቋጥኞችና ደሴቶች የሚገልጽ ከሺህ በላይ ስንኝ ያለው ግጥም ጽፈዋል። ግጥሙ አል ሒጃዚያ ተብሎ ይታወቃል።

ለምን በግጥም ጻፉ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ባሕረኛ በማዕበልና በጨለማ መካከል ሆኖ መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ አይችልም። በግጥም የተጻፈ ትምህርት ግን በቃል ይያዛል። በሀገራችን መድረሳዎች ደረሶች የነሕውንና የፊቅህን ሕግጋት በግጥም እንደሚሐፍዙት ሁሉ፣ በዚያ ዘመን የባሕር ልጆችም የወደቦችን አቅጣጫና የኮከቦችን ከፍታ በግጥም ይሐፍዙ ነበር።

ኢብኑ ማጂድ ከአባታቸው የወረሱትን ዕውቀት እንዳለ ተቀብለው ዝም አላሉም። በየጉዞው ይፈትኑት ነበር። ትክክል ሆኖ ያገኙትን አጸደቁ፤ ያልተስማማውን አረሙ። የራሳቸውን የወጣትነት ሥራ እንኳ በኋላ ዘመን ልምዳቸው ሲሰፋ መለስ ብለው አስተካክለዋል። ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ሦስት ታዋቂ የባሕር ጸሐፊዎች፣ ሙሐመድ ኢብኑ ሻዛንን፣ ሰህል ኢብኑ አባንን እና ለይስ ኢብኑ ካህላንን፣ አንበሶች ብለው በአክብሮት ያነሳሉ። ይሁንና ሰዎቹ ከሌሎች ሰምተው ያሰባሰቡ እንጂ ብዙ የተጓዙ እንዳልነበሩ ከመግለጽ አልተቆጠቡም። ራሳቸውንም ከእነዚያ ቀጥሎ አራተኛ አድርገው ይቆጥሩ ነበር።

ሙዓሊም ማን ነው?

ሙዓሊም የሚለውን ቃል እኛ የምናውቀው ለቁርኣን አስተማሪ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ባሕረኞች ዘንድ ግን ሙዓሊም የሚባለው የመርከቧን መንገድ የሚያውቀው መሪ ነበር። ናኹዛ የሚባለው የመርከቧ አዛዥ ሲሆን ብዙ ጊዜ ባለቤቷ ወይም የባለቤቷ ወኪል ነው። ስለ ጭነቱና ስለ ንግዱ የሚወስነው እሱ ነው። መሪውን እንጨት የሚይዘው ሱካኒ ይባላል። ከእነሱ በታች ሸራ የሚጎትቱ፣ መልሕቅ የሚጥሉ፣ ውሃ የሚጨልፉ፣ ምግብ የሚያበስሉ መርከበኞች አሉ። ሙዓሊሙ ለአቅጣጫው፣ ለሰዓቱ፣ ለወቅቱ፣ በመጨረሻም በመርከቧ ላይ ላለው ነፍስ ሁሉ ኃላፊ ነው።

ኢብኑ ማጂድ ይህን ኃላፊነት እንደ አማና ነበር የሚያዩት። በመርከብ የተሳፈረ ሰው የፈጣሪው እንግዳ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ ባሕረኛው ጦሃራውን እንዲጠብቅ፣ ከዚክር እንዳይዘናጋ ይመክራሉ። ሙዓሊሙ ትዕግሥተኛ፣ እንቅልፍ የማያበዛ፣ ንግግሩ የለሰለሰ፣ ቃሉን የማያጥፍ መሆን አለበት ይላሉ። የሁሉንም ሐሳብ ያዳምጣል፤ ውሳኔው ግን የራሱ ነው፤ ተጠያቂውም እሱ ነው። ተሳፋሪዎቹንና መርከበኞቹን አንድ በአንድ ማወቅ ይገባዋል። በችግር ሰዓት ማን እንደሚበረታ፣ ማን እንደሚርድ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባልና።

ጉዞው የሚጀምረው በየብስ ላይ ነው

የኢብኑ ማጂድ ምክር ከባሕሩ አይጀምርም። መርከቧ ገና በአሸዋ ላይ ሳለች ሙዓሊሙ ዙሪያዋን ሄዶ እንዲመረምራት፣ ጉድለቷን ሁሉ አይቶ እንዲጽፈው ይመክራሉ። በየብስ ላይ ያልታየ ስንጥቅ በባሕር ላይ ራሱን ማሳየቱ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ የሚጠገንበት ጊዜ የለም።

የዚያ ዘመን መርከቦች እንዴት ይሠሩ እንደነበር ማወቅ ይህን ምክር ለመረዳት ይረዳል። በዓረብ ባሕርና በቀይ ባሕር ይመላለሱ ከነበሩት መርከቦች ብዙዎቹ በሚስማር የተመቱ አልነበሩም፤ የተሰፉ ነበሩ። ሳንቃዎቹ በብዛት ከሕንድ የማላባር ዳርቻ የሚመጣ ቲክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ናቸው። በሳንቃዎቹ ጠርዝ ላይ ተርታውን ቀዳዳ ይበሳል፤ ከኮኮናት ልጣጭ ቃጫ በተገመደ ሲባጎ አንዱ ሳንቃ ከሌላው ጋር ይሰፋል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተትና የስፌቱ ቀዳዳ በቃጫና በመሰል ነገር ይጠቀጠቃል።

ይህ አሠራር ለሩቅ እንግዳ ደካማ መስሎ ይታይ ነበር። ማርኮ ፖሎ በሆርሙዝ ያያቸውን የተሰፉ መርከቦች አጣጥሏል። ኢብኑ በጡጣ ግን ምሥጢሩን አስረድተዋል፤ የተሰፋች መርከብ ከቋጥኝ ጋር ስትጋጭ ትተጣጠፋለች፤ በሚስማር የተመታችው ግን ትሰበራለች። እ.ኤ.አ. በ1980 በኦማን ሱር ከተማ አንድም ሚስማር ሳይመታባት የተሰፋችው ሶሃር የተባለች መርከብ ከሙስካት ተነስታ በቀጣዩ ዓመት ቻይና መድረሷ የአሠራሩን ብርታት ለዘመናችን ሰው አሳይቷል።

ይሁን እንጂ የተሰፋ መርከብ ያለ እንክብካቤ አይኖርም። ሲባጎው ከደረቀ ይበጠሳል፤ ከራሰም ይበሰብሳል። ስለዚህ የመርከቧ አካል ከውሃ በላይ ያለው ክፍል በየጊዜው ከሻርክና ከሌላ ዓሣ ጉበት በወጣ ዘይት ይቀባል። ሽታው ከባድ ነው፤ ተሳፋሪዎች በየዘመኑ ያማረሩበት ነው። ነገር ግን እንጨቱን ከፀሐይ፣ ስፌቱን ከጨው የሚያድነው እሱ ነበር። ከውሃ በታች ላለው ክፍል ደግሞ የእንስሳት ሞራ ከኖራ ጋር ተቦክቶ በእጅ ይለደፋል። ይህ ልድፍ እንጨት እየቦረቦረ መርከብ የሚያጠፋውን የባሕር ትል ይከላከላል። ልድፉ ስለሚያልቅ በየጥቂት ወራቱ መታደስ አለበት። መርከበኞቹ ባሕሩ ሲሞላ መርከቧን ወደ ዳር ያስጠጓታል፤ ውሃው ሲሸሽ በጎኗ አሸዋው ላይ ትተኛለች። ያን ጊዜ የተጣበቀውን ቀንድ አውጣና አረም ይፍቃሉ፤ የላላውን ስፌት ያጠብቃሉ፤ ከዚያ ይለድፋሉ። ውሃው ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ያላቸው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሁሉም ሰው ይሠራል።

ለዚህ ሥራ ትልቁ ጊዜ ባሕሩ የሚዘጋበት ወቅት ነበር። ሞንሱን የሚለው የነፋስ ስም መውሲም ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ወቅት ማለት ነው። ከሰኔ ጀምሮ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሲበረታ የሕንድ ምዕራባዊ ወደቦች ይዘጋሉ፤ መርከቦች ወደ ዳር ይወጣሉ። ኢብኑ ማጂድ በአንድ ሙሉ ምዕራፍ ከየትኛው ወደብ ወደ የትኛው ወደብ በየትኛው ቀን መነሳት እንደሚገባ ዘርዝረዋል። ቀኑን የሚቆጥሩት ኔይሩዝ ከሚባለው የፋርስ አዲስ ዓመት ጀምረው ነው። የሒጅራው አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ ከነፋሱ ወቅት ጋር አብሮ አይቆምም። ለዒባዳቸው የጨረቃውን፣ ለነፋሱ የፀሐዩን አቆጣጠር ይዘው ይኖሩ ነበር።

በባሕር ላይ የአንድ ቀን ውሎ

መርከቧ ከተነሳች በኋላ ቀኑና ሌሊቱ ዛም በሚባል ክፍል ይከፈላል። አንድ ዛም ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ቀንና ሌሊት ስምንት ዛም ይሆናሉ። ዛም የተረኛ መለዋወጫም፣ የርቀት መለኪያም ነበር። ሁለት ቦታዎች ስንት ዛም ይራራቃሉ ተብሎ ይጠየቃል፤ እንደ እኛ ሀገር ገበሬ የአንድ ቀን መንገድ፣ የግማሽ ቀን መንገድ እንደማለት ነው።

ጎሕ ሲቀድ አዛን ይደረጋል፤ ሶላት በመርከቧ ላይ ይሰገዳል። ማዕበሉ አላስቆም ካለ ተቀምጦ ይሰገዳል። መርከቧ አቅጣጫዋን ስትቀይር ቂብላውም ከጎን ወደ ጎን ይዞራል። ስለዚህ ቂብላን የሚያውቅ ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ እሱም ሙዓሊሙ ነው። ኢብኑ ማጂድ ቂብላ ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች እንዴት እንደሚታወቅ ራሱን የቻለ ግጥም የጻፉት በዚህ ምክንያት ነው። ባሕረኛው ወደብ ለመፈለግ የተማረው የኮከብ ዕውቀት መካን ለመፈለግም ይጠቅመዋል።

ከሶላት በኋላ የማይቀረው ሥራ ውሃ መጨለፍ ነው። በደንብ የተሰፋች መርከብም ቢሆን በሆዷ ውሃ ታጠራቅማለች። በየተራ እየወረዱ በቆዳ ወይም በእንጨት ዕቃ እየጨለፉ ይደፋሉ። ብልህ መርከበኛ የውሃውን መጠን ከትናንቱ ጋር ያስተያያል፤ ከጨመረ አንድ ቦታ ስፌት ላልቷል ማለት ነው። ቦታው ከተገኘ ከውስጥ ይጠቀጠቃል። አስፈላጊ ሲሆንም ባሕሩ ጸጥ ባለበት ጠላቂ ወርዶ ከውጭ ይደፍነዋል። ገመዶችም በየቀኑ ይታያሉ፤ ከእንጨት ጋር የሚፋተጉበት ቦታ ቶሎ ስለሚሳሳ ሳይበጠስ ይለወጣል። ሸራው ሲቀደድ በመርከቧ ላይ ተቀምጠው ይሰፉታል።

ሸራው ሦስት ማዕዘን ያለው፣ በረጅም አግዳሚ እንጨት ላይ የሚንጠለጠል ነው። ነፋስ ሲዞር ወይም አቅጣጫ ሲቀየር ያን ከባድ እንጨት ከምሰሶው አንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዞር የመርከበኛውን ሁሉ ጉልበት ይጠይቃል። ይህን ሲሠሩ በዜማ ይቀባበላሉ፤ ዜማው ጉልበታቸውን በአንድ ጊዜ እንዲያሳርፉ ያደርጋቸዋል።

ምግቡ ቀላል ነበር፤ ቴምር፣ ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣና ቂጣ። እሳት በእንጨት መርከብ ላይ ትልቅ አደጋ ስለሆነ በጭቃ በተለሰነ ሣጥን ውስጥ ብቻ ይነዳል። የሚጠጣው ውሃ በእንጨት ጋንና በሸክላ ይያዛል፤ በልክ ይከፋፈላል። ነፋስ ጠፍቶ መርከቧ ስትቆም መጀመሪያ የሚያሳስበው ይህ ውሃ ነው። ስለዚህ ሙዓሊሙ በዳርቻው የት ቦታ ጣፋጭ ውሃ እንደሚገኝ ማወቅ አለበት። ኢብኑ ማጂድ ስለ ባሕሬን ሲጽፉ ሉሏን ብቻ አላነሱም፤ ከጨዋማው ባሕር ሥር ስለሚፈልቀው ጣፋጭ ውሃም አንስተዋል።

ኮከብ፣ ወፍና ጭቃ

ሌሊት ሲመጣ የሙዓሊሙ ዋና ሥራ ይጀምራል። በሰሜን በኩል ያለውን፣ ባሕረኞች ጃህ የሚሉትን ኮከብ ከአድማሱ ስንት ጣት ከፍ እንዳለ ይለካል። መለኪያው ኢስባዕ ይባላል፤ ጣት ማለት ነው። መሣሪያው አራት ማዕዘን ቁራጭ እንጨት ነው፤ የታችኛው ጠርዙ ከአድማሱ፣ የላይኛው ከኮከቡ ጋር ይገጥማል። አንዲት መርከብ ቀጥታ ወደ ሰሜን ቀንና ሌሊት ከተጓዘች ጃህ አንድ ኢስባዕ ያህል ከፍ ይላል ተብሎ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ወደብ የራሱ የጣት ቁጥር አለው። ሙዓሊሙ የሚፈልገው ወደብ ቁጥር ላይ እስኪደርስ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ዳርቻው ይታጠፋል። አቅጣጫው ደግሞ በ32 ክፍል የተከፈለ ሲሆን ክፍሎቹ በኮከቦች መውጫና መግቢያ ስም ይጠራሉ። ማግኔታዊው መርፌም ይህንኑ ያግዛል። መርፌው በቦታው በትክክል መቀመጡን ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ ከኢብኑ ማጂድ ምክሮች አንዱ ነው።

ባሕረኛ ግን በኮከብ ብቻ አይተማመንም፤ ደመና ሊሸፍነው ይችላል። የባሕሩ ቀለም፣ የሚንሳፈፈው ሣር፣ የወፎቹ ዓይነት፣ የባሕር እባቦች መታየት፣ እነዚህ ሁሉ የብስ መቅረቡን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። በገመድ የታሰረ እርሳስ ወደ ጥልቁ ይወረወራል፤ ጥልቀቱ ይለካል፤ ተጣብቆ የሚወጣው አሸዋ ወይም ጭቃ ይታያል። ኢብኑ ማጂድ የባሕር መንገዶችን በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ ዳርቻን ተከትሎ የሚኬድ፣ ከዳርቻ ዳርቻ ባሕሩን አቋርጦ የሚኬድ፣ እና የብስ ሳይታይ በባሕሩ መካከል አቅጣጫ እየተለወጠ የሚኬድ። ዳርቻ ተከትሎ መሄድ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ባሕረኛ ግን የሚፈራው ጥልቁን ሳይሆን ዳሩን ነው፤ መርከብ የሚሰበረው እዚያ ነውና።

ቀይ ባሕርና ሑጃጆች

ለእኛ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ከኢብኑ ማጂድ ሥራ ቅርብ የሆነው ስለ ቀይ ባሕር የጻፉት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦቻቸውን ወደ ሐበሻ በላኩ ጊዜ ስደተኞቹ ከሹዐይባ ተነስተው የተሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነው። በኋላ ዘመንም በምፅዋና በዘይላ በኩል ወደ ሒጃዝ የሚሄዱ ሑጃጆች፣ ነጋዴዎችና የዒልም ፈላጊዎች ተሻግረውታል።

ቀይ ባሕር ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ዳርቻ ከውሃው ሥር የተደበቀ ኮራል የሚባል ስለታም ቋጥኝ ሞልቶታል። ስለዚህ በቋጥኞቹ መካከል የሚጓዙ ጀልባዎች በቀን ብቻ ይሄዱ ነበር። አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ውሃውን እያየ ለመሪው ምልክት ይሰጣል። ማታ ማታ መልሕቅ ጥለው ያድራሉ። ኢብኑ ማጂድ አል ፈዋኢድ በተባለው ኪታባቸው የመጨረሻውን ረጅም ምዕራፍ የሰጡት ለዚህ ባሕር ነው። ቋጥኞቹን፣ ደሴቶቹንና መልሕቅ የሚጣልባቸውን ቦታዎች አባታቸው ከጻፉት በላይ አስፍተው መዝግበዋል።

ይህ ዕውቀት የስንት ሰው ነፍስ እንዳዳነ ለመረዳት ከእሳቸው በፊት የነበረውን ሁኔታ ማየት ይበቃል። አንዳሉሳዊው ኢብኑ ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 ከአይዛብ ወደ ጂዳ ሲሻገሩ የጀልባ ባለቤቶች ሑጃጆችን አንዱን በሌላው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ያጭቋቸው እንደነበር በምሬት ጽፈዋል። ባለቤቶቹ የጀልባቸውን ዋጋ በአንድ ጉዞ ከመለሱ በኋላ የሰዎቹ መድረስ አለመድረስ አያሳስባቸውም ነበር። ኢብኑ ማጂድ የቆሙት ከዚህ በተቃራኒ ነው። መርከብ ከአቅሟ በላይ እንዳትጫን፣ ያልተጠገነች መርከብ እንዳትነሳ፣ ወቅቱ ካለፈ ጉዞው እንዲቀር አጥብቀው ይመክራሉ። የሑጃጅ ገንዘብ የመጨረሻውን ቦታ ይይዛል፤ ነፍሱ የመጀመሪያውን።

ኪታቦቻቸው

ኢብኑ ማጂድ 40 የሚያህሉ ሥራዎችን ጽፈዋል፤ አብዛኞቹ ግጥሞች ናቸው። ከቀደምቶቹ አንዱ ሓዊየቱል ኢኽቲሷር ሲሆን በ866 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1462) በጁልፋር የተጻፈ፣ ከሺህ በላይ ስንኝ ያለው ግጥም ነው። ትልቁ ሥራቸው ደግሞ በ895 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1490 ገደማ) የተጠናቀቀው ኪታቡል ፈዋኢድ ነው። ይህ ኪታብ በስድ ንባብ የተጻፈና 12 ፋኢዳዎች ያሉት ነው። የመርከብን ነገር ከነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ) መርከብ ይጀምራል፤ የሙዓሊሙን ባሕርይ፣ የጨረቃን ማረፊያዎች፣ አቅጣጫዎችን፣ የባሕር መንገዶችን፣ የኮከብ ልኬትን፣ ምልክቶችንና የመርከብ አስተዳደርን፣ ታላላቅ ደሴቶችንና የጉዞ ወቅቶችን አልፎ በቀይ ባሕር ይጠናቀቃል።

ኪታቡ ከእሳቸው በኋላ አልጠፋም። የኦቶማኑ የባሕር አዛዥ ሲዲ ዓሊ ረኢስ እ.ኤ.አ. በ1554 በሕንድ ሳሉ አል ሙሒጥ የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲጽፉ ከተመረኮዙባቸው ዋና ዋና ሥራዎች መካከል የኢብኑ ማጂድ ኪታቦች ይገኙበታል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ፈረንሳዊው ምሁር ገብርኤል ፌራን በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የነበረውን የእጅ ጽሑፍ አሳትሞ ለዓለም አስተዋወቀ።

ስማቸውን ያጠላበት ክስ

አሁን ወደ ክሱ እንመለስ። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1498 በዛሬዋ ኬንያ ከምትገኘው ማሊንዲ ተነስቶ ግንቦት 20 ቀን ካሊከት አጠገብ ደረሰ። መንገዱን የመራው የማሊንዲ ሱልጣን የሰጡት ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል መድፍ በሕንድ ውቅያኖስ ሙስሊሞች ላይ ያደረሰው በደል ብዙ ነው፤ የሑጃጅ መርከብ ከነተሳፋሪዎቹ እስከ ማቃጠል ደርሷል። ስለዚህ መንገድ ያሳየው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የኢብኑ ማጂድን ስም ያነሱት የመካው የታሪክ ጸሐፊ ቁጥቡዲን አን ነህረዋሊ ናቸው። እሳቸው የጻፉት ከጉዞው ከ70 ዓመት በላይ ቆይተው ሲሆን ኢብኑ ማጂድ ሰክረው ምሥጢሩን እንዳወጡ ይተርካሉ። በዘመኑ የነበሩ የፖርቱጋል ምንጮች ግን የኢብኑ ማጂድን ስም አያውቁትም። የጉዞው ማስታወሻ መሪው ክርስቲያን እንደነበረ ይገልጻል። የፖርቱጋል ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ከሕንድ ጉጃራት የመጣ ሙስሊም ነበር ይላሉ። ኢብኑ ማጂድ ጉጃራቲ አልነበሩም። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 60ዎቹ የደረሰ፣ ስማቸው በባሕረኛው ሁሉ የታወቀ ሰው ነበሩ። ከማሊንዲ ወደ ካሊከት የሚወስደው መንገድም የአንድ ሰው ምሥጢር አልነበረም፤ በየዓመቱ ነጋዴዎች የሚመላለሱበት ነበር። በስማቸው ከሚጠሩት ግጥሞች በአንዱ ስለ ፈረንጆቹ መምጣት የሚናገሩ ስንኞች አሉ፤ ስንኞቹ የእሳቸው ናቸው ወይስ በኋላ የተጨመሩ በሚለው ላይ ምሁራን ተከራክረዋል። ፈዋኢድን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ቲቤትስም ሆነ ሥራዎቻቸውን ያጠናው ሶሪያዊው ኢብራሂም ኹሪ ክሱን አልተቀበሉትም። የሻርጃው ገዥ ዶክተር ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚም የኢብኑ ማጂድን ንጹሕነት የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፈዋል።

እኛ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ዲናችን ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል። ስለ ጦሃራና ስለ ዚክር አጥብቀው የመከሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው በሰላም እንዲደርስ የደከሙ ሽማግሌ ስም፣ ዘግይቶ በተጻፈ አንድ ወሬ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ሲነሳ ኖሯል። የሞተ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም፤ ስለዚህ ማጣራቱ የእኛ የሕያዋን ድርሻ ነው።

የቀረው ስም

የኢብኑ ማጂድ የመጨረሻ ሥራ በ906 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1500 ገደማ) የተጻፈ ነው፤ ሕይወታቸው ያለፈውም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እንደሆነ ይታመናል። ባሕረኞች ግን አልረሷቸውም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 ወደ ሐረር ለመሄድ ከዓደን ወደ ዘይላ ሲሻገር መርከበኞቹ ለሸይኽ ማጂድ ፋቲሓ ሲቀሩ መስማቱን ጽፏል። ኢብኑ ማጂድ ከሞቱ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። የታሪክ ጸሐፊ ስማቸውን ሲያጠፋ፣ በእሳቸው መንገድ የሚጓዙ ድሆች መርከበኞች ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር።

ያ ባሕር ዛሬም ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ይወስዳል። ከጂቡቲ ዳርቻ ወደ የመን በሚሻገሩ ጀልባዎች ስንት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እንደሰመጡ እናውቃለን። ጀልባዎቹ ከአቅማቸው በላይ የተጫኑ፣ ያልተጠገኑ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ በተቀበለ ደላላ የተላኩ ናቸው፤ ኢብኑ ጁበይር ያማረሩበት ግፍ ተመልሶ መጥቷል። ኢብኑ ማጂድ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያስቀመጡት ሥርዓት ግን ግልጽ ነበር፤ መጀመሪያ ጀልባዋን መርምር፤ ጉድለቷን ጻፍ፤ ከልክ በላይ አትጫን፤ ያለ ወቅቱ አትነሳ፤ የተሳፈረው ሁሉ በአንተ ላይ አማና ነው። ልጁን በዚያ መንገድ ለመላክ የሚያስብ ቤተሰብም፣ ሰውን ለማሻገር ገንዘብ የሚቀበልም ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

አላህ ለአሕመድ ኢብኑ ማጂድ ይዘንላቸው፤ ዕውቀታቸውን ሶደቀቱል ጃሪያ ያድርግላቸው። በባሕር ላይ ያለፉ ወገኖቻችንንም በራሕመቱ ይቀበላቸው። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።